የጨው ውሃ ዓሣችሁ ሲታመም

ዓሣው ታሟል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እጃችሁ ወደ መድኃኒቱ ከመሄዱ በፊት የሚተነፍስበትን ስንጥቡን እዩ። ክዳኑ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት ቁጠሩ፣ ከዚያ እዚያው ገንዳ ውስጥ ያለ ጤነኛ ዓሣ ቁጠሩና አስተያዩ። ከባዶቹ ጥገኛ ተሕዋሳት ቆዳ ላይ ሳይታዩ ስንጥብ ውስጥ ሊባዙ ይችላሉ። ምግብ የተወ፣ ብርሃን የሸሸ፣ ፓምፑ ውሃ በሚገፋበት በኩል ፊቱን ሰጥቶ የቆመ ዓሣ አንድም ነጥብ ባይኖርበት እኔ እንደ ታመመ ነው የምቆጥረው።

ቀጥሎ ውሃው ይለካ። አሞኒያ ከተገኘ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ውሃ ቀይሩ። አሞኒያ ራሱ ስንጥብ ስለሚያቃጥል ምልክቱ ከበሽታ ጋር ይምታታል፤ ንጹሕ ውሃ የሚያድነውን ዓሣ በመድኃኒት መግደል ቀላል ነው።

የቆሰለ ዓሣ ጉዳይ ለየት ይላል። መብላቱን እስካላቆመ ድረስ ከገንዳው አላወጣውም። በመረብ ማሳደድ ዝልግልግ የሰውነቱን ሽፋን ይገፍፈዋል፣ ከጀርም የሚከላከለው ደግሞ እሱ ነው። መውጣት ያለበት ነካሹ ነው። የተቦጨቀ ክንፍ ከሥሩ እስካልተነቀለ ድረስ ተመልሶ ያድጋል። ቁስሉ ዙሪያውን ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ዓሣው ምግብ ከተወ ግን ለብቻው ይታከም። ስታወጡት ከመረብ ይልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ተጠቀሙ፤ በተለይ ጅራቱ ሥር ስለት ያለው ሰርጅንፊሽ መረብ ላይ ተጠላልፎ ራሱን ይጎዳል።

ለሕክምናው ገንዳ አሸዋም ድንጋይም አያስፈልግም፤ መድኃኒት ሆኖ የሚገባውን መዳብ ይመጡበታል። ማሞቂያ፣ የአየር ፓምፕ፣ መደበቂያ የሚሆኑ የተቆረጡ የፕላስቲክ ቱቦዎችና የስፖንጅ ማጣሪያ ይበቃሉ። ስፖንጁን ማንም ሳይታመም ጀምሮ ዋናው ገንዳ ውስጥ አኑሩት፤ አሞኒያ የሚበሉት ባክቴሪያዎች እዚያ ላይ ይሰፍራሉ። ዋናው ገንዳ ውስጥ ተላላፊ በሽታ ከገባ በኋላ ግን ተሕዋሱን ይዞ ስለሚመጣ ያንን ስፖንጅ አትጠቀሙ፤ አሞኒያውን በየቀኑ እየለካችሁ ውሃ ቀይሩ። ለቆሰለ ዓሣ ጨዋማነቱን (ከንጹሕ ውሃ ጋር በሚነጻጸር ጥግግት ሲለካ) ከ1.025 ወደ 1.020 ገደማ ቀስ አድርጌ አወርዳለሁ። የባሕር ዓሣ ሰውነት ከአካባቢው ውሃ ያነሰ ጨው ስላለው ሁልጊዜ ውሃ ያጣል፣ ቁስል ደግሞ ያንን ያባብሰዋል።

አሁን ወደ ነጥቦቹ። የጨው ቅንጣት የሚያህሉ ነጫጭ ነጥቦች ክሪፕቶካርዮን የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ያመለክታሉ። እንደ ደቀቀ ዱቄት የተነሰነሰ፣ ወደ ወርቃማ የሚያደላ ከሆነ አሚሎኦዲኒየም የተባለው ሌላ ጥገኛ ነው፤ ይኼኛው በቀናት ውስጥ ስለሚገድል ማመንታት አያስፈልግም። ሁለቱም የሚታከሙት በመዳብ ነው። ክላውንፊሽ ላይ ቆዳው እየተላጠ ወፍራም ዝልግልግ ከታየ ግን ብሩክሊኔላ የተባለው ጥገኛ ሊሆን ይችላል፤ እሱን መዳብ አይነካውም፣ የሚታከመው በፎርማሊን ነው።

ተራው የመዳብ መድኃኒት በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም ሆኖ 30 ቀን ሳይዋዥቅ መቆየት አለበት። ከዚያ ካነሰ ተሕዋሱ ይተርፋል፣ ከበዛ ዓሣው ይሞታል፤ ስለዚህ መለኪያ ሳይኖራችሁ አትጀምሩ። ኪሌትድ የተባለው ዓይነት መጠኑ በጣም ስለሚለይ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። የከሰል ማጣሪያ ካለ ይውጣ፣ መድኃኒቱን ይመጠዋል። ዋናው ገንዳ ውስጥ ደግሞ መዳብ ጠብ አይበል፤ ኮራሉንም ሽሪምፑንም ቀንድ አውጣውንም ይጨርሳል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ነጥቦቹ በጥቂት ቀን ውስጥ ሲጠፉ ነው። ዓሣው ድኖ አይደለም፤ ክሪፕቶካርዮን ጠግቦ ወድቋል፣ አሸዋው ላይ ተጣብቆ እየተባዛ ነው፣ ሲመለስ በብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ነጥብ የሌለባቸውም ዓሦች ሁሉ ወጥተው ይታከማሉ፣ ዋናው ገንዳ 76 ቀን ያለ ዓሣ ይቆያል። ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ምግቡን በነጭ ሽንኩርት አሽቶ መስጠት ያድናል የሚሉ አሉ፤ የምግብ ፍላጎት ይከፍት ይሆናል እንጂ ጥገኛውን አይገድለውም።

ጨው በሌለበት ውሃ መንከርም ለክሪፕቶካርዮን አይረዳም፣ ከቆዳው ሥር ስለሚገባ። የሚጠቅመው ቆዳ ላይ ለሚጣበቁት ጠፍጣፋ ትሎች ነው። ክሎሪን የሌለበት፣ ሙቀቱና ፒኤቹ (የአሲድነቱ መጠን) ከገንዳው ጋር እኩል የሆነ፣ አየር የተነፋበት ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ትሎቹ ነጭ ሆነው ሲረግፉ ታያላችሁ። መጀመሪያ ላይ ዓሣው ሊንፈራገጥ ይችላል፤ በጎኑ ተኝቶ ትንፋሹ ከደከመ ግን ሰዓቱን ሳትጠብቁ መልሱት። የተረፉትን ትሎች ፕራዚኳንቴል የተባለው የትል መድኃኒት ይጨርሳቸዋል።

ሲድን ወደ ዋናው ገንዳ የሚመለሰው ጨዋማነቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ዓሣ ጨው ሲቀንስበት ይችላል፣ ሲጨምርበት ግን ይጎዳል፤ ከ1.020 ወደ 1.025 ለመመለስ ሁለት ሦስት ቀን ስጡት፣ የምትከቱትም መብራት ከጠፋ በኋላ ይሁን። የሕክምናው መረብ፣ ባልዲና ቱቦ ታጥበው ጨርሰው ይድረቁ፣ ለዋናው ገንዳም አይዋሉ።