ሕጉ ተጭኗል ይላል፣ ስዊቹ ግን ያዘግማል፦ የቲካም (የስዊቹ ፈጣን የሕግ ሜሞሪ) መሙላት

ምልክቱ፦ ኮንትሮለሩ (ስዊቾቹን የሚያዘው ሶፍትዌር) ላይ ሁሉም ሕግ፣ ማለትም የትኛው ግንኙነት ይለፍ፣ የትኛው ይከልከል የሚለው፣ «ተጭኗል» ይላል። የቆዩት ግንኙነቶች ደህና ናቸው፤ አዲስ የተጨመሩት ይንቀረፈፋሉ፣ የስዊቹ ሲፒዩም ጣሪያ ይነካል። ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ አንድ ቢሮ የገጠመን ይኸው ነበር። ግማሽ ቀን ኬብል ስንቀያይር ቆየን። አሞራ ገደል ዓሣ በልተን ስንመለስ ነው አንዱ ልጅ የቴብሉን (ሕጎቹ ቲካም ውስጥ የሚቀመጡበትን ሰንጠረዥ) ቆጠራ ያየው፦ የጻፍነው 60 ሕግ፣ የተያዘው ቦታ 2048 ከ2048።

ምክንያቱ፦ ቲካም እያንዳንዱን ቢት 0፣ 1 ወይም «የመጣው ይምጣ» ብሎ ነው የሚይዘው። «ከዚህ እስከዚያ» የሚባል ነገር አያውቅም። ከ1024 እስከ 65535 ያለ የፖርት (የአገልግሎት መለያ ቁጥር) ክልል ሲሰጠው ይሸነሸናል፦ ከ1024 እስከ 2047፣ ከ2048 እስከ 4095፣ እንዲህ እያለ 6 መስመር። በላኪም በተቀባይም ፖርት ላይ ከሆነ 6 በ6፣ ለአንድ ሕግ 36። በ60 ሲባዛ 2160! የባሰም አለ፤ ከ1 እስከ 65534 ብቻውን 30 መስመር ይበላል። ቦታ ሲያልቅ አንዳንዱ ስዊች «ቴብል ፉል» ብሎ ይመልሳል፤ የእኛው ግን ትርፉን ድምፁን አጥፍቶ ሲፒዩው ራሱ ወደሚሠራው የሶፍትዌር ቴብል ወሰደው። ሲፒዩው የነደደው ለዚህ ነው።

መፍትሄው፦ ክልሉን ገልብጣችሁ ጻፉት። ከ0 እስከ 1023 አንድ መስመር ብቻ ነው። በላኪ በኩል አንድ ክልከላ፣ በተቀባይ በኩል አንድ ክልከላ፣ ከሥራቸው ፖርት የማይጠቅስ አንድ ፈቃድ። 36ቱ 3 ሆነ፤ 60ው ሕግ በ180 መስመር አለቀ።

ክልከላዎቹ ከፈቃዱ ከፍ ያለ ፕራዮሪቲ ይኑራቸው፤ ስትጭኑም እነሱን አስቀድሙ። ደግሞም ፈቃዱ የሚጠቅሰውን አድራሻና ፕሮቶኮል ብቻ ይንኩ። እኛ ቸኩለን ከ1024 በታች ያለውን የዩዲፒ ፕሮቶኮል ፖርት በጅምላ ዘጋንና የሰርቨሮቹ ሰዓት መዛባት ጀመረ፤ ሰዓት የሚያስተካክለው ኤንቲፒ በዩዲፒ ነው የሚሄደው፤ ብዙ ጊዜ የሚልከውም ከፖርት 123 ነው። ለሱ ከክልከላው በላይ አንድ ፈቃድ ጨመርን።

አሁንም ከጠበበ ቴብሉን ክፈሉት፤ ኦፕንፍሎው (ኮንትሮለሩ ስዊቹን የሚያዝበት ፕሮቶኮል) ከ1.1 ጀምሮ ይፈቅዳል። 50 ንዑስ ኔትወርክ ለተመሳሳይ 20 አገልግሎት ከተፈቀደ በአንድ ቴብል 1000 መስመር፣ ንዑስ ኔትወርኩንና አገልግሎቱን በሁለት ቴብል ከለያያችሁ 50 እና 20፣ በድምሩ 70 ነው። ብቻ ሁለተኛው ቴብል በሃርድዌር መሆኑን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ በሶፍትዌር ከሆነ ያው ሲፒዩ ተመልሶ ይነድዳል።