በሰሜን ሸዋ ጥንታዊ ቅርስ ለማጥናት፦ ደብዳቤው ምን ምን ይበል?

በመንዝ የመሻላ ማርያምን የመቃብር ጉብታ፣ በይፋት ቆላ የኖራን የከተማ ፍርስራሽ ወይም በአንድ ደብር ዕቃ ቤት ያለ ብራና ልታጠኑ ስትነሡ፣ ማየት፣ ፎቶ ማንሣት፣ ናሙና መውሰድና ዕቃን ከቦታው ማንቀሳቀስ እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚጠየቁ መሆናቸውን አስቀድማችሁ ያዙ። «ትብብር እንዲደረግላቸው» ብቻ የሚል ደብዳቤ ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ አያሳልፍም፤ ጠባቂውም መከልከሉ ልክ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ፍለጋና ጥናት ፈቃድ የሚሰጠው ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። ከፕሮፖዛሉ ጋር የተቋማችሁን ደብዳቤ አቅርቡ። ከዚያ ወደ ክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ ደብረ ብርሃን ወዳለው የዞን መምሪያ፣ ወደ ወረዳ፣ ወደ ቀበሌ ትወርዳላችሁ፤ በየደረጃው መሸኛ ይጻፋል። ብዙ ቀን የሚያባክነው ትንሽ ስሕተት ነው፦ መንዝ ማማና መንዝ ጌራ የተለያዩ ወረዳዎች ሆነው ሳለ «መንዝ ወረዳ» ብሎ መጻፍ፣ ወይም «ለሚመለከተው ሁሉ» ማለት። ወረዳውንና ቀበሌውን በስም አስጠቅሱ፤ የሚሠራውን ሥራ በግሥ አስጽፉ፦ «ፎቶ ያነሣሉ፣ ይለካሉ፣ ናሙና አይወስዱም»።

የመንግሥት ማኅተም የባለቤቱን ፈቃድ አይተካም። ለደብር ቅርስ አስተዳዳሪውና ሰበካ ጉባኤው፣ አብዛኛውን ጊዜም ሀገረ ስብከቱ፣ ለመስጊድና ለመካነ መቃብር ኢማሙና የአካባቢው ሽማግሌዎች ይጠየቃሉ። ፎቶው የት እንደሚወጣ፣ ቅጂው ማን ዘንድ እንደሚቀር ሳይሸፋፈን ይነገራቸው። ታቦት የጥናት ዕቃ አይደለም፤ አይጠየቅም።

ናሙና ላይ ጠንቃቃ ሁኑ። ለዕድሜ ምርመራ የሚሄድ ከሰል በእጅ አይነካም፤ በንጹሕ መቆንጠጫ ተነሥቶ በአልሙኒየም ፎይል ይጠቀለላል፣ አይታጠብም። የእጅ ወዝና ቅባት የኋላ ዘመን ካርቦን ይጨምርበትና ዕድሜውን ያሳስታል። መለያ ወረቀት ሁለት ይሁን፣ አንዱ ከከረጢቱ ውስጥ አንዱ ከውጭ፣ በእርሳስ ተጽፎ፤ የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይለቃል። ቤተ ሙከራው ስንት ሚሊግራም እንደሚበቃው አስቀድሞ ይጠየቅ። በምርመራው የሚጠፋው ናሙና እንደማይመለስ ባለቤቱ ከመፍቀዱ በፊት ይወቅ። ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ቁራጭ ከሰልም ቢሆን የመውጫ ፈቃድ ይፈልጋል፤ የቤተ ሙከራ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ጀምሩት።

ገበሬው ሲያርስ ያገኘውን የመስታወት ዶቃ ወይም ማሰሮ ይዞ ቢመጣና «ይግዙኝ» ቢላችሁ አትግዙ። «ከነጋዴ እጅ ላድነው» የሚለው ምክንያት ደግ ይመስላል፤ ግን ዋጋ ተከፈለ ማለት በሚቀጥለው ሳምንት ጉብታው ይቆፈራል ማለት ነው። ከቦታው የተነቀለ ዶቃ ደግሞ ከማን አጽም ጋር፣ በየትኛው የአፈር ድርብርብ እንደነበረ አይናገርም። አብራችሁት ወደ ማሳው ሂዱ፤ ጥልቀቱን ለኩ፣ መለኪያ ስኬል አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አብራችሁ አስመዝግቡ። በድንገት የተገኘ ቅርስ ለባለሥልጣኑ መነገሩ በአዋጁ ግዴታ ነው።

ጽሑፋችሁ ሲታተም የጉብታውን ትክክለኛ የጂፒኤስ ነጥብ አታውጡ፤ ወረዳውን መጥቀስ ይበቃል። ሙሉው ነጥብ ለባለሥልጣኑና ለወረዳው በሚገባው ሪፖርት ላይ ይስፈር።