ለታይፎይድ ምርመራ ደም ከመስጠትዎ በፊት እና በኋላ

በጎንደር ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ደም የሰጠ ሰው ብዙ ጊዜ «ታይፎይድ አለብህ» ተብሎ ይመለሳል። በየትኛው ምርመራ እንደተገኘ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ መጠየቅ ይገባል።

ትኩሳቱ ከሦስት ቀን በላይ ከቆየ፣ መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት ይመርመሩ። እንደ ሲፕሮ ያለ አንቲባዮቲክ ጥቂት ፍሬ እንኳ በደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ስለሚያሳንሰው ምርመራው ሳያገኘው ሊቀር ይችላል። የዋጡት ካለ ባዶውን ማሸጊያ ለሐኪሙ ያሳዩ። ከመተማ ወይም ከሁመራ የሰሊጥ ሥራ የተመለሱ ከሆነም ይናገሩ፤ የወባ ምርመራ አብሮ መደረግ አለበት፤ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ ካላዛርም (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) ይታሰባል።

በብዛት የሚሠራው ዊዳል ነው። ባለሙያው የደሙን ውኃ ከመመርመሪያው ፈሳሽ ጋር በመስታወት ላይ ቀላቅሎ ቀስ እያለ ያወዛውዘዋል፤ ጥቃቅን ፍርፋሪ የመሰለ ነገር ከታየ «ፖዘቲቭ» ይባላል። ይህ ምርመራ የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን መከላከያ ስለሆነ፣ የቀድሞ ሕመም፣ ክትባት ወይም ወባ እንኳ ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ በሽታው እያለ ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «1:80» (የደሙ ውኃ 80 እጥፍ ቀጥኖም ፍርፋሪው ታይቷል ማለት ነው) የሚል አንድ ወረቀት ብቻውን ፍርድ አይደለም። ከ7 እስከ 14 ቀን ቆይቶ በተወሰደ ሁለተኛ ደም ቁጥሩ አራት እጥፍ ከጨመረ የበለጠ ይታመናል። በዚያው ወረቀት ላይ የሚታየው ዌል ፊሊክስ የተባለው ሌላ ምርመራ የሚመለከተው በቅማልና በቁንጫ የሚተላለፈውን ታይፈስን ነው፤ ስማቸው ቢቀራረብም በሽታዎቹ የተለያዩ ናቸው።

የሚሻለው የደም ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ከደሙ አሳድጎ የሚያይ ምርመራ፣ ነው፤ በየጤና ጣቢያው ባይገኝም በሪፈራል ሆስፒታል ይጠይቁ። ከአዋቂ ሰው እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ይወሰዳል። ክንድዎ በአልኮል ከተጠረገ በኋላ እስኪደርቅ ይታገሡ፣ ቦታውንም አይንኩት፤ ከቆዳ የገባ ጀርም ውጤቱን ያበላሻልና። ባክቴሪያው እስኪያድግ ቀናት፣ አንዳንዴም እስከ 7 ቀን ይፈጃል፤ ከተገኘ ግን የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም ይታወቃል። ካልቸርም ቢሆን ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉን ስለሚያመልጠው፣ ሐኪሙ ደሙ እንደተወሰደ ሕክምና ቢያስጀምርዎ አይደነቁ።

ውጤት እየጠበቁ ሳለ ሆድ በኃይል ከታመመ፣ ሰገራ ደም ከቀላቀለ ወይም በሽተኛው መቃዠት ከጀመረ፣ ወረቀቱን ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።