አይንሽቱርዘንደ ኖይባውተንን ከየት ጀምሮ፣ እንዴት ማዳመጥ ይቻላል

አይንሽቱርዘንደ ኖይባውተን የሙዚቃ ባንድ ናቸው፤ ስማቸው በጀርመንኛ «የሚፈርሱ አዳዲስ ሕንፃዎች» ማለት ነው። በ1980 ምዕራብ በርሊን ውስጥ የተነሱ ናቸው። ቆርቆሮ፣ የብረት ቱቦ፣ ሞላ፣ ድሪል፣ የገበያ ጋሪ፣ ድምፅ የሚሰጥ ነገር ሁሉ መሣሪያቸው ነው። ስለ ኢንደስትሪያል ሙዚቃ፣ ማለትም የፋብሪካና የማሽን ጫጫታን ሙዚቃ ስለሚያደርገው ዘውግ፣ ወሬ ሲነሳ ስማቸው አይቀርም። ሰምቷቸው የሚቆይ ሰው ግን ጥቂት ነው። ሙዚቃው ስለሚከብድ ብቻ አይመስለኝም። ብዙ ሰው የሚገባው በማይሆን በር ነው።

እኔም የገባሁት በዚያው በር ነበር። ለዓመታት ብቻዬንና ከጓደኞቼ ጋር ሳዳምጥ፣ የትኛው ቅጂ ይበልጣል እያልን ስንከራከር ከቆየን በኋላ ነው መንገዱ የገባኝ። ከዚህ በታች ያለው ያ መንገድ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የምትሰሙበትን ዕቃ አስተካክሉ

በስልክ ስፒከር አትስሙ። ወፍራሙ ድምፅ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ የሚቀረው ጩኸቱ ብቻ ነው። ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ጆሮን በደንብ የሚሸፍን መካከለኛ ሄድፎን ይበቃል። ቤዝ የሚጨምረውንና ድምፅ «የሚያሳምረውን» ማስተካከያ ግን አጥፉት። ይህን ሳስበው ያናድደኛል። እነዚህ ሰዎች የአንድን ብረት ድምፅ ለማግኘት ስንት ደክመው፣ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ሁሉንም አንድ ዓይነት ያደርገዋል።

2. ከመሃል ጀምሩ

የመጀመሪያ አልበማቸው ኮላፕስ ነው፤ 1981 ወጣ። ብዙ ሰው «ከመጀመሪያው ልጀምር» ብሎ እሱን ይከፍታል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ጓደኞቼን ጠርቼ እሱን ማሰማቴ ነው። በጣም ጓጉቼ ነበር። ሦስተኛው ትራክ ላይ ሳንደርስ አንዷ ራሴን አመመኝ ብላ ወጣች። ሌሎቹም ከዚያ ምሽት በኋላ ስለዚህ ባንድ መስማት አልፈለጉም። አንዱን መልሼ ለማምጣት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ጥፋቱ የአልበሙ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ በ2000 ከወጣው ሳይለንስ ኢዝ ሴክሲ ጀምሩ። በዚህ ጊዜ ባንዱ ሃያ ዓመት ሞልቶታል። ብረቱ አለ፤ ግን በመካከሉ ብዙ ባዶ ቦታ አለ። መሪ ድምፃዊው ብሊክሳ ባርጌልድ አይጮህም፤ ጆሮ ሥር ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን ላይ ሲጋራ ሲለኮስና ሲሳብ ይሰማል፤ ከዚያ ዝም ይላል። እውነተኛ ዝምታ ነው። ያን ዝምታ ስትሰሙ ከየት ወደ የት እንደሚሄዱ ይገባችኋል።

ዜማ የምትወዱ ከሆነ በ1996 የወጣው ኤንደ ኖይ ሁለተኛ በር ይሆናችኋል። እዚያ ባርጌልድ ከተዋናይት ሜሬት ቤከር ጋር ተቀባብለው የሚዘፍኑት ስቴላ ማሪስ አለ። ይህ ባንድ ጫጫታ ብቻ ነው ለሚል ሰው መልስ የምሰጠው በእሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚሁ ላስገባ። ዝምታው ሲመጣ ድምፅ አትጨምሩ። እኔ ጨመርኩ። ቀጥሎ ሌላ አልበም ከፈትኩና በሄድፎን ያ ሁሉ ብረት በአንዴ ጆሮዬ ላይ ወረደ። ለሦስት ቀን ሲጮህብኝ ነበር፤ በጣም ፈርቼ ነበር። ለሥራ ቦታ የሚመከረው ልክ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት እያለ ይወርዳል። የድምፁን መጠን ልትሰሙት ባሰባችሁት በጣም ኃይለኛ ቅጂ ላይ አስተካክሉና እዚያው ተዉት።

3. «ምኑን ነው የሚመታው?» ብላችሁ ስሙ

ዋናው ነገር ይኸኛው ነው። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ እንኳ ይህን አትዝለሉ።

ሙዚቃ ስንሰማ ዜማ መፈለግ ልማዳችን ነው። እዚህ ዜማ ፍለጋ ከሄዳችሁ ብዙ ጊዜ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ፤ ያኔ «ጫጫታ ነው» ትላላችሁ። እኔ ለረጅም ጊዜ እዚያ ላይ ቆሜ ነበር። የተለወጠው አንድ ቀን ዜማውን ትቼ የሚመታውን ዕቃ መፈለግ ስጀምር ነው።

አንድ ትራክ ምረጡና ደጋግማችሁ ስሙት። በመጀመሪያው ዙር ዕቃዎቹን ብቻ ለዩ። ሰፊ ቆርቆሮ ሲመታ ድምፁ ይበተናል። እንደ ዘፈን አፋችሁ ውስጥ ልትይዙት ብትሞክሩ እምቢ ይላል። የጊታር ክር ሲመታ የሚወጡት ንዝረቶች ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ እያሉ በሥርዓት ስለሚሄዱ ጆሯችን አንድ ላይ ሰብስቦ አንድ ኖታ ያደርጋቸዋል። የብረት ዝርግ ላይ ግን ንዝረቶቹ ያን ሥርዓት አይጠብቁም፤ ጆሮ መሰብሰቢያ ያጣል። ያ የሚያሳክክ፣ የሚያብለጨልጭ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሞላ ሌላ ነው። ሲመታ ድምፁ በጥቅልሉ ውስጥ እየተመላለሰ ረዘም ላለ ጊዜ ይጎተታል። ድንጋይና ኮንክሪት ወዲያው ይጠፋል። የፕላስቲክ ቱቦ አፉ ላይ በጠፍጣፋ ነገር ሲመታ የምትሰሙት ፕላስቲኩን ሳይሆን ውስጡ ያለውን አየር ነው። ቱቦው በረዘመ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል። እነዚህን አራቱን ከለያችሁ የባንዱን ግማሽ ሥራ ለያችሁ ማለት ነው።

በሁለተኛው ዙር ዕቃውን ተዉና ቦታውን ስሙ። ድምፁ የተቀዳው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው ወይስ ሰፊ አዳራሽ? ይህ ለዚህ ባንድ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። በሰኔ 1980 ባርጌልድና ሌላው የባንዱ መሥራች ኤን ኡ ኡንሩ በርሊን ውስጥ ያለ የአውራ ጎዳና ድልድይ ሆድ ውስጥ ገብተው ሽታልሙዚክን ቀዱ። «የብረት ሙዚቃ» ማለት ነው፤ በካሴት ወጣ። እዚያ ውስጥ የሚመታው ድልድዩ ራሱ ነው። የሚያስተጋባውም እሱ ነው። መሣሪያውና ክፍሉ አንድ ሆኑ። የቅጂው ጥራት ዝቅ ያለ ነው፤ ቢሆንም ይህን አስባችሁ ስትሰሙት በጣም ያስገርማል።

ሦስተኛው ዙር የሰው ድምፅ ነው። የባርጌልድ ጩኸት ቀጭንና ስለታም ነው፤ ብረት በብረት ሲፋቅ ይመስላል። ለቁጣ ብቻ የሚጮህ እንዳይመስላችሁ። ከዕቃዎቹ እንደ አንዱ ሆኖ ነው የሚገባው። በመጀመሪያው ዙር ብረቱን ከለያችሁ፣ እዚህ ስትደርሱ ሰውየው የትኛውን ብረት እንደሚመልስ ትሰማላችሁ።

ሦስቱንም ዙር በአንድ ቀን አትጨርሱ። ጆሮ ይደክማል። የደከመ ጆሮ ደግሞ ሁሉንም ነገር ጫጫታ ያደርገዋል።

4. አሁን ወደ ኋላ ተመለሱ

መጀመሪያ ሃልበር ሜንሽ፣ 1985። «ግማሽ ሰው» ማለት ነው። የአልበሙን ስም የያዘው ትራክ ላይ ብረት የለም፤ የሰው ድምፅ ብቻ ነው፣ እንደ መዘምራን ተደራርቦ። ቆርቆሮ የሚደበድቡ ሰዎች በጉሮሮ ብቻ እንዲህ ያለ ክብደት ማምጣታቸው እስካሁን ይገርመኛል። ከዚያ በ1989 የወጣውን ሃውስ ዴር ሉገ አስከትሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ኮላፕስ። አሁን ዝግጁ ናችሁ። ሸክላው በእጃችሁ ካለ ጀርባውን ተመልከቱ፤ ሰዎቹ በርሊን ኦሎምፒክ ስታዲየም ፊት ለፊት ዕቃዎቻቸውን መሬት ላይ ዘርግተው ቆመዋል። ፎቶው ሌላ ታዋቂ የሮክ ባንድ ውድ መሣሪያዎቹን ዘርግቶ የተነሳውን ሽፋን የሚያስታውስ ነው። የእነሱ ግን ቁርጥራጭ ብረት ነው። ኡንሩ ገንዘብ ቸግሮት ከበሮውን ስለሸጠ ነው ብረት መሰብሰብ የጀመረው። ይህን አውቃችሁ ስትሰሙት ድህነቱም ብልሃቱም አብሮ ይሰማል።

5. የመድረክ ቅጂዎች ላይ ጥንቃቄ

በጥር 1984 የባንዱ አባላት ከሌሎች ሙዚቀኞች ጋር ሆነው ለንደን ውስጥ በዘመናዊ ጥበባት ተቋም ለድምፅና ለማሽን የተዘጋጀ ኮንሰርት አቀረቡ። ድሪልና የኮንክሪት ማደባለቂያ ነበር፤ መድረኩን ራሱን መቦርቦር ሲጀምሩ የቦታው ሰዎች አስቆሟቸው። ታሪኩ በጣም የሚወራ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ አድናቂ ከዚያ ዘመን የተቀዳ ማንኛውንም የመድረክ ካሴት እንደ ቅርስ ያየዋል። እኔ አልስማማም። ከሕዝቡ መሃል በትንሽ ቴፕ የተቀዳ ነገር ላይ ቆርቆሮና ቱቦ አይለይም። ደረጃ 3 ላይ የደከማችሁበት ሁሉ ገደል ይገባል። ባንዱን በሚገባ ካወቃችሁ በኋላ ለታሪኩ ስትሉ ስሙት፤ መግቢያ ግን አታድርጉት።

ድንገተኛ ፈጠራቸውን መስማት ከፈለጋችሁ በ2024 የወጣው ራምፐን አለ። መድረክ ላይ ሳያዘጋጁ የሚጫወቱትን ነገር «ራምፐን» ይሉታል። አልበሙ የተሠራው ከዚያ ተነስቶ ነው፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነው።

6. ግጥሙን እንዴት እንያዘው?

ጀርመንኛ ካልቻላችሁ አትጨነቁ። የማሽን ትርጉም ጭብጡን ለመያዝ ይጠቅማል፤ ባርጌልድ በቃላት የሚጫወተውን ጨዋታ ግን ያጠፋዋል። እኔ ርዕሱን ብቻ ተርጉሜ እሰማለሁ፤ ከወደድኩት በኋላ ነው ግጥሙን የምፈልገው።

ሐሳቡን ቀድሞ ማወቅ ግዴታ የሚሆንበት አንድ ሥራ አለ፤ ላሜንት፣ 2014። የአንደኛው የዓለም ጦርነት መቶኛ ዓመት ሲታሰብ ለቤልጅየሟ ዲክስሙይደ ከተማ የተሠራ ነው። ውስጡ በፕላስቲክ ቱቦዎች የሚመታ ረጅም ትራክ አለ። እያንዳንዱ ምት የጦርነቱ አንድ ቀን ነው። እያንዳንዱ ቱቦ አንድ አገር ነው፤ አገሩ ጦርነቱ ውስጥ ሲገባ ቱቦው መመታት ይጀምራል፣ ሲወጣ ያቆማል። ሳታውቁ ከሰማችሁት ዝም ብሎ የሚደጋገም ምት ነው። አውቃችሁ ስትሰሙት ግን ቱቦዎቹ እየበዙ ሲሄዱ ያስጨንቃል። እኔ መጀመሪያ ሳላውቅ ሰምቼ መሃል ላይ አቋርጬው ነበር፤ ያ በጣም ይቆጨኛል።

7. ከሌሎች ጋር ስሙና ተከራከሩ

ይህ ባንድ ብቻውን የሚሰማ አይደለም። ራሳቸውም ያውቁታል። በ2002 አድናቂዎች በቀጥታ ገንዘብ የሚያዋጡበትን አሠራር ጀመሩ። ደጋፊዎቹ ቀረጻውን በኢንተርኔት እየተከታተሉ አስተያየት ይሰጡ ነበር። በ2007 የወጣው አለስ ቪደር ኦፈን ያለ አሳታሚ ድርጅት፣ በደጋፊዎች ገንዘብ የተሠራ ነው።

አራት ወይም አምስት ሰው ይበቃል። እያንዳንዱ አንድ ቅጂ ብቻ ይዞ ይምጣ። የአልበሙን ስም ብቻ ሳይሆን የትኛው ቅጂ እንደሆነ ይናገር፤ የስቱዲዮው ነው? የመድረኩ ነው? ከስብስብ አልበሞቹ የተወሰደ ነው? አንድ ጊዜ ሁለት ጓደኞቼ ስለ አንድ ዘፈን አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራክረው ሲያበቁ፣ የሰሙት የተለያየ ቅጂ ሆኖ ተገኘ።

«ምርጡ ይሄ ነው» የሚለውን ከልክሉ። በምትኩ ሰው የያዘውን ደቂቃ ይናገር። «እዚህ ጋ ሞላው ሲገባ» ይበል፤ ያን ቦታ መልሳችሁ አብራችሁ ስሙት። ክርክሩ ያኔ ፍሬ ይኖረዋል፤ አዲስ የመጣ ሰውም ደረጃ 3ን ሳያውቀው ይማራል።

የእኔ ምርጫ በየዓመቱ ይቀያየራል። አሁን የያዘኝ በ2004 የወጣው ፔርፔቱም ሞቢለ ነው። የተጫነ አየር በቱቦዎች ውስጥ ሲነፋ ይሰማል፤ አልበሙ ሙሉ የሚተነፍስ ይመስላል። ከጓደኞቼ መካከል እስካሁን ማንም አልተስማማኝም። በሚቀጥለው ስንገናኝ ይዤው እሄዳለሁ።