ጉቦ ከመከፈሉ በፊት፦ ዓለም አቀፍ የፀረ ሙስና ስምምነቶችን በጎንደር ሥራ ላይ ለማዋል የሚረዳ መመሪያ

ይህ መመሪያ በጎንደር ከተማ በየደረጃው በምክር ቤት አባልነት ለሚያገለግሉ፣ በእድርና በማኅበር ኃላፊነት ላይ ላሉ፣ እንዲሁም በምርጫ ወቅት ታዛቢ ለሚሆኑ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ዓላማው በፖለቲካ ሥልጣን ዙሪያ የሚፈጸምን ጉቦ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ከመተላለፉ በፊት እንዴት መከላከል እንደሚቻል ማሳየት ነው፤ ከተከፈለ በኋላ ማስረጃ ይጠፋል፣ ምስክር ይፈራል፣ ያለአግባብ የተመራው ቦታም ቤት ተሠርቶበት ለሦስተኛ ሰው ይሸጣል።

ሥራው የሚጀምረው የቆሙበትን ሕግ በማወቅ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የፀረ ሙስና ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2003 ጸድቆ በ2005 በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ የአፍሪካ ኅብረት ሙስናን የመከላከልና የመዋጋት ስምምነትም በዚያው በ2003 በማፑቶ ጸድቋል። ኢትዮጵያ ሁለቱንም በ2000 ዓ.ም. ስላጸደቀች፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ሆነዋል። ይህን አጥብቄ የማነሳው፣ በስብሰባ ላይ «እሱ የውጭ አገር መመሪያ ነው» የሚል መልስ ሲሰጥ ብዙ ሰው ዝም ስለሚል ነው። በዚህ ጊዜ አንቀጹን ጠቅሶ ጥያቄውም መልሱም በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር መጠየቅ ይገባል።

ቀጥሎ ጉቦ ምን ምን እንደሚያካትት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አንቀጽ 15 መሠረት ጉቦ ለመባል የግድ ገንዘብ መቆጠር አይኖርበትም፤ ቃል መግባት ወይም ጥቅም ማቅረብ ብቻውን በቂ ነው። ጥቅሙም የግድ ለባለሥልጣኑ ኪስ መግባት አይኖርበትም፣ ለሌላ ሰው ወይም ለሌላ ተቋም ቢውልም ድርጊቱ ያው ነው። የእኛን ኑሮ በቀጥታ የሚነካው ይህ የመጨረሻው ነጥብ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው «ለእኔ አይደለም፣ ለልማት መዋጮ ነው» ወይም «ለፓርቲው ነው» ሲባል ልቡ እየጠረጠረ ይከፍላል። ስለዚህ አንድ ጉዳይ ከመፈጸሙ በፊት መዋጮ ሲጠየቅ፣ መዋጮው በየትኛው ምክር ቤት እንደተወሰነ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ እንዳለውና ያልከፈለ ሰው ጉዳዩ ይቆምበት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ «አዎ፣ ይቆማል» ከሆነ፣ በበጎ ፈቃድ የሚሰጥ መዋጮ የሚባል ነገር እዚያ የለም።

«እገሌን አውቀዋለሁ፣ ጉዳይህን እኔ አስጨርስልሃለሁ» እያለ ገንዘብ የሚቀበለውን አገናኝ በተመለከተ ደግሞ አንቀጽ 18 በተሰሚነት መነገድን አገሮች በወንጀልነት እንዲደነግጉ ያሳስባል፤ ተሰሚነቱ እውነተኛ ይሁን የሐሰት ለውጥ አያመጣም። ይህን ሰው ከሥራ ውጭ የሚያደርገው የአሠራር ግልጽነት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የዜጎች ቻርተር የአገልግሎቱን ክፍያ፣ የሚወስደውን ጊዜና የሚያስፈልጉትን ሰነዶች በትክክል መያዙን የምክር ቤት አባላት በየጊዜው እየሄዱ ይመልከቱ።

ስጦታና ዝምድና ከዚህ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻሉ። ስምምነቱ በአንቀጽ 8 ባለሥልጣናት የጥቅም ግጭት ሊያስከትሉ የሚችሉ ስጦታዎችንና የውጭ ሥራዎችን እንዲያሳውቁ አገሮች ሥርዓት ይዘርጉ ይላል፤ በፌዴራል ደረጃም የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ወጥቷል። በጎንደር ግን ሕግ የሚቆጥረው ቤተሰብ ብቻውን አይበቃም። የክርስትና ልጅ ያስተሳሰረው አበ ልጅ፣ አማች፣ አብሮ አደግ፣ ሁሉም በውሳኔ ላይ ክብደት አላቸው። ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ከአንድ ተቋራጭ ቤት የተላከ ሙክት በባህላችን የፍቅር ምልክት ነው፤ ተቋራጩ በዚያው ወር ጨረታ የሚወዳደር ከሆነ ግን ስጦታው ተመላሽ ሊደረግ፣ ቢያንስ ሊመዘገብ ይገባዋል። ምክር ቤቱ የስጦታ መዝገብ እንዲከፍትና አባላት ከውሳኔ በፊት ቅርበታቸውን ተናግረው ከድምፅ እንዲታቀቡ በውስጥ ደንቡ መወሰን ይችላል፣ ይህም ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

በምርጫ ወቅት የሚያስፈልገው ጥያቄ የገንዘቡ ምንጭ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አንቀጽ 7 ንዑስ አንቀጽ 3 የዕጩዎችና የፓርቲዎች የገንዘብ ምንጭ ግልጽ እንዲሆን ያሳስባል፤ የአፍሪካ ኅብረቱ ስምምነት አንቀጽ 10 ደግሞ በሙስና የተገኘ ገንዘብ ለፖለቲካ ፓርቲ እንዳይውል እንዲከለከል ይጠይቃል። በአገራችን የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲዎች ከውጭ ዜጎችና ማንነቱ ካልታወቀ ሰው ስጦታ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። እነዚህን ይዞ ዕጩዎችን በሕዝብ መድረክ ላይ የአዳራሹን ኪራይ፣ የመኪናውንና የቲሸርቱን ወጪ ማን እንደሸፈነ መጠየቅ ይቻላል። ይሁን እንጂ በእኔ እምነት ከስጦታው የከፋው ቀዳዳ የመንግሥት ንብረት ነው። የመንግሥት ሰሌዳ የለጠፈ መኪና ለቅስቀሳ ሲሰማራ፣ የቀበሌ ሠራተኛ በሥራ ሰዓት የፓርቲ ወረቀት ሲያድል፣ የእርዳታ እህል ወይም ዘይት ለደጋፊ ብቻ ሲታደል፣ ታዛቢው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የሰሌዳውን ቁጥር በዚያው ሰዓት ይመዝግብ። ሐሜት የሚመስል አቤቱታ ማስረጃ የሚሆነው በዚህ ዓይነት ዝርዝር ነው።

ግዢን በተመለከተ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አንቀጽ 9 የጨረታ ማስታወቂያ በይፋ እንዲወጣ፣ የመምረጫ መስፈርቱ አስቀድሞ እንዲታወቅና ቅሬታ የሚቀርብበት ሥርዓት እንዲኖር ይጠይቃል። በውኃ እጥረት በምትቸገር ከተማ የቧንቧ መስመር ወይም የጉድጓድ ሥራ ሲፈቀድ፣ ምክር ቤቱ ማስታወቂያው የት እንደወጣ፣ መስፈርቱ ሰነድ ከመከፈቱ በፊት ተጽፎ እንደነበረና የግምገማ ኮሚቴው አባላት ቅርበታቸውን አሳውቀው እንደሆነ ይጠይቅ። ውል ከተፈረመ በኋላ «ተጨማሪ ሥራ» እየተባለ የሚጨመረው ክፍያና «አስቸኳይ» ተብሎ ያለ ጨረታ የሚፈጸመው ግዢ ልዩ ትኩረት ይፈልጋሉ። ሰነድ ሲከለከል የመረጃ ነፃነት ድንጋጌዎችን የያዘው አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ፤ ጥያቄው በጽሑፍ ቀርቦ የተቀበለው ሰው ይፈርምበት፤ ክልከላ ሲገጥምም ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባል።

በመጨረሻ ጠቋሚውን መጠበቅ ነው። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ጥቆማ ማቅረብ ዋጋ ያስከፍላል፣ ስለዚህ ማንንም በባዶ ድፍረት አናሰማራ። የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አንቀጽ 33 በቅን ልቦናና በምክንያታዊ መነሻ ለሚጠቁሙ ሰዎች ጥበቃ እንዲደረግ ያሳስባል፣ አንቀጽ 13ም ስም ሳይጠቀስ ጥቆማ የሚቀርብበት መንገድ እንዲኖር ይጠይቃል፤ በአገራችንም የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ወጥቷል። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ከመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እጅ ያልራቀ ስለሆነ፣ ተጠርጣሪው ኃላፊው ራሱ ሲሆን ጥቆማው በቀጥታ ለክልሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን መድረስ አለበት። ጠቋሚው ያየውንና የሰማውን ለየብቻ ይጻፍ፣ የሰነድ ዋናውን ሳይሆን ግልባጩን ያስረክብ፣ ጥቆማው የተመዘገበበትን ቀንና ቁጥር ይቀበል፣ ሁለተኛውንም ግልባጭ ከቤቱ ውጭ በሚያምነው ሰው ዘንድ ያስቀምጥ።