ለአገር ውስጥ በረራ ወንበር ስትመርጡ፦ ግራ ወይስ ቀኝ፣ ፊት ወይስ ኋላ?

ሥራዬ የሆስፒታል ላብራቶሪ መሣሪያ መጠገን ነው። ጅማ ማሽን ቆመ ሲባል ጅማ፣ ጎንደር ሲባል ጎንደር እሄዳለሁ። ከቦሌ የሚነሱትን የአገር ውስጥ በረራዎች በዚሁ ምክንያት በደንብ አውቃቸዋለሁ። በየበረራው የሚያንገበግበኝ ነገር አለ፦ ሰው ለትኬቱ ያን ያህል ብር ከፍሎ፣ ወንበሩን ግን ኮምፒውተሩ የሰጠውን ተቀብሎ ይገባል። ከዚያ የዓባይ በረሃ ከሥሩ ሲያልፍ እሱ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ እያየ ነው።

ለረጅም በረራ የሚሰጠው ምክር እዚህ አይሠራም። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስትሄዱ መተላለፊያ ዳር መቀመጥ ተገቢ ነው፤ ትነሳላችሁ፣ ትንቀሳቀሳላችሁ፣ መጸዳጃ ቤት ትመላለሳላችሁ። የአንድ ሰዓት በረራ ግን ውኃ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ መውረድ ይጀምራል። ለዚያች ሰዓት ጤነኛ ሰው ከሆናችሁ መስኮት ዳር ተቀመጡ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የትኛው መስኮት የሚለው ነው፤ እሱ ደግሞ በአውሮፕላኑ ዓይነትና በምትሄዱበት አቅጣጫ ይወሰናል።

አውሮፕላኑን እወቁ

ትኬታችሁ ላይ ወይም ቦታ በምትይዙበት መተግበሪያ ላይ የአውሮፕላኑ ዓይነት ይጻፋል። በአገር ውስጥ በብዛት የምታገኙት ኪው 400 ወይም ዳሽ 8-400 የሚባለውን ባለ ፕሮፔለር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይጠቀምበታል። 70 ሰው አካባቢ ይጭናል። ወንበሩ በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት ነው፤ ስለዚህ መሃል ተጣብቆ መቀመጥ የሚባል ጣጣ የለም። ትልቁ ጥቅሙ ክንፉ ከመስኮቶቹ በላይ መሆኑ ነው። ክንፍ አይጋርዳችሁም፤ ወደ ታች ያለው ሁሉ የእናንተ ነው። የሚጋርደው ከክንፉ ሥር የተንጠለጠለው ሞተር ብቻ ነው፤ እሱም ለመሃለኞቹ ጥቂት ረድፎች።

ድምፁ ላይ እንምጣ። የአውሮፕላኑ ግድግዳ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ ማይክሮፎኖችና ንዝረቱን በተቃራኒ ንዝረት የሚያቀዘቅዙ መሣሪያዎች ተገጥመዋል፤ ከድሮዎቹ ባለ ፕሮፔለሮች ጋር አይወዳደርም። ያም ሆኖ ፕሮፔለሩ በሚሽከረከርበት መስመር ላይ የተቀመጠ ሰው ንዝረቱን በወንበሩ በኩል ይሰማዋል። እኔ ከክንፉ የኋላ ጠርዝ ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ ወደ ኋላ ያለውን እመርጣለሁ። ድምፁ ይቀንሳል፣ ሞተሩ አይጋርድም፣ ጭራው ላይ ያለው መናወጥም ገና አልደረሰባችሁም። የረድፍ ቁጥር አልነግራችሁም፤ ቢዝነስ ክፍል ያለውና የሌለው ኪው 400 ስላለ ቁጥሩ ይለያያል። የወንበሩ ሥዕል ላይ ክንፉ የት እንዳለ አይታችሁ ከዚያ ቁጠሩ።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ፣ ወይም እንደኔ መሣሪያ ሲሠራ ማየት የምትወዱ ከሆነ፣ ከሞተሩ ትይዩ ተቀመጡ። የዚህ አውሮፕላን ጎማ የሚታጠፈው ሞተሩ ቤት ውስጥ ነው። ለማረፍ ሲቃረብ ከሞተሩ ሥር ያሉት ክዳኖች ይከፈታሉ፤ እግሩ ከኋላ ወደ ፊት እየተወዛወዘ ይዘረጋና ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሁለቱ ጎማዎች ምንም ሳይሽከረከሩ ተንጠልጥለው ይቆያሉ። ከዚያ አስፋልቱን ሲነኩ ነጭ ጭስ ቡን ይልና ወዲያው ይከንፋሉ፤ እግሩም ክብደቱን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ይህን ሁሉ ከአጠገባችሁ፣ በመስኮት ታያላችሁ። በትልቁ ጄት ተሳፋሪ ይህን አያይም።

ትልቁ ጄት ያልኩት ቦይንግ 737 ነው፤ ሰው በሚበዛባቸው መስመሮች እሱም ይመደባል። እዚህ ምርጫው ይገለበጣል። ወንበሩ በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት ስለሆነ የመሃል ወንበር አለ፤ አስቀድማችሁ ካልመረጣችሁ እሱ ሊደርሳችሁ ይችላል። ክንፉ ከታች ነው፤ መሃል ከተቀመጣችሁ የምታዩት ክንፍ ብቻ ነው። ድምፁም ከሞተሩ ፊት ያንሳል። ስለዚህ በ737 ከክንፉ ፊት፣ በኪው 400 ከክንፉ ኋላ። በ737 ላይ ከክንፉ ትንሽ ፊት የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ የሚያልፍበት መስኮት የሌለው ግድግዳ አለ፤ መስኮት ዳር ብላችሁ መርጣችሁ ግድግዳ እንዳይደርሳችሁ እሱን ረድፍ ዝለሉት።

ግራ ወይስ ቀኝ

ይህን ማንም አይነግራችሁም፤ ለኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ወንበሩ ላይ ኤ የተጻፈበት በግራ መስኮት ዳር ነው፤ የመጨረሻው ፊደል የቀኙ መስኮት ነው።

ወደ ጎንደር ግራ ያዙ። መጀመሪያ የሰላሌ ሜዳ ይመጣል፦ እርሻው በቁርጥራጭ ተከፋፍሎ፣ የቆርቆሮ ጣሪያው እያብለጨለጨ። ሜዳው ራሱ ከባሕር ወለል ከ8 ሺህ ጫማ በላይ ነው፤ ኪው 400 ደግሞ ከ25 ሺህ ብዙም አያልፍም። በዚህ የተነሳ መሬቱ ቅርብ ነው፤ ግቢና አጥር ትለያላችሁ። ከዚያ ሜዳው በአንድ ጊዜ ይቆረጣል። አፋፉ ላይ ያለው እርሻ ጫፉ ድረስ ታርሷል፤ ከእሱ ቀጥሎ ገደል ነው፤ ከገደሉ በታች ደረጃ፣ ከደረጃው በታች ሌላ ገደል፤ ግርጌው ላይ የዓባይ ወንዝ። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ በግራ በኩል ሲጠማዘዝ ይታያል። በአውቶቡስ ያን መንገድ የወረደ ሰው ከላይ ሲያየው ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል። ቀጥሎ የጮቄ ተራራ፣ መጨረሻ ላይ ጣናና በመሃሉ የደቅ ደሴት፤ ሁሉም በግራ።

ባሕር ዳርን በተመለከተ አልምልም። መስመሩ ከጎሃ ጽዮን መንገድና ከጮቄ በላይ ስለሚያልፍ ሁለቱም ወገን ያያል፤ ሐይቁ ደግሞ አውሮፕላኑ ለማረፍ እንደሚዞርበት አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይመጣል።

ወደ አርባ ምንጭ ያለ ጥርጥር ግራ። ከቦሌ ተነስታችሁ ብዙም ሳትቆዩ ዝቋላ አናቱ ላይ ሐይቁን ይዞ ይመጣል። ቀጥለው የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በየተራ ናቸው፤ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሻላ። ሲቃረብ ዓባያ ቀይ ሆኖ ይዘረጋል። ሰማዩ ከጠራ ከዚህ የተሻለ የአንድ ሰዓት በረራ በአገራችን አላውቅም።

ወደ ድሬዳዋ ቀኝ እመርጣለሁ፤ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ አፉን ከፍቶ፣ ከሥሩ የበሰቃ ሐይቅ፣ ከዚያ የጨርጨር ተራሮች። በግራ ያለው የአፋር ዝቅተኛ ምድር ሰፊና ጸጥ ያለ ነው፤ እሱን የሚወድም አለ። ወደ መቀሌና ወደ ላሊበላም ቀኝ፤ ለላሊበላ አቡነ ዮሴፍ በዚያ በኩል ነው። ወደ ጅማ ግራ፤ የግልገል ጊቤ ግድብ ውኃ በዚያ ይታያል። ስትመለሱ ሁሉም ይገለበጣል።

ያልጠቀስኩት ከተማ ከሆነ ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱ። የምትሄዱበት ከተማ ወደ ላይ፣ አዲስ አበባ ወደ ታች እንዲሆን ስልኩን አዙሩት። ከመስመሩ በቀኝ ያለው በቀኛችሁ፣ በግራ ያለው በግራችሁ ነው። በደመና ወይም በአየር ትራፊክ ምክንያት አብራሪው መስመሩን ሊለውጥ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይሠራል።

ፀሐይን አትርሱ። ጠዋት ወደ ሰሜን ስትበሩ ፀሐይዋ በቀኝ ናት፤ ለጎንደር ግራ መቀመጥ በዚህም ያዋጣል። ጠዋት ወደ አርባ ምንጭ ግን ሐይቆቹም ፀሐይዋም በግራ ናቸው፤ ዓይን ይወጋል። እኔ ኮፍያ አድርጌም ቢሆን ግራ እቀመጣለሁ። ወራቱም ይለያያል፤ በመስከረምና በጥቅምት ምድሩ አረንጓዴ፣ አየሩ የታጠበ ነው፤ ከየካቲት ጀምሮ ጭጋግና አቧራ ስለሚበዛ ሩቁ ይደበዝዛል።

መናወጥ ለሚያስፈራው

አውሮፕላን ሲናወጥ እንደ ሚዛን ነው፤ መሃሉ ብዙ አይንቀሳቀስም፣ ጫፎቹ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ስለዚህ የሚፈራም ሆነ ሆዱን የሚያጥወለውለው ሰው ክንፉ አጠገብ ይቀመጥ፤ የመጨረሻዎቹን ረድፎች ይተው። የሚያጥወለውላችሁ ከሆነ ስልክ አታንብቡ፤ በመስኮት አድማሱን እዩ።

ከወንበሩ በላይ የሚረዳው ግን ሰዓቱ ነው። ቀትር ላይ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይነሳል፤ በተለይ ቆላና ስምጥ ሸለቆ ላይ አውሮፕላኑን ያንገጫግጨዋል። በክረምት ደግሞ የዝናብ ደመናው የሚቆለለው ከሰዓት በኋላ ነው። የምትፈሩ ከሆነ ማለዳ የሚነሳውን ያዙ።

ወንበሩን ማግኘት

ቼክ ኢን እንደተከፈተ በስልካችሁ ግቡና ምረጡ። በገና ሰሞን የላሊበላ፣ በጥምቀት ሰሞን የጎንደር በረራ ይሞላል፤ ከውጭ የሚመጡ ወገኖቻችን ከረጅሙ በረራ ወርደው የሚቀጥሉበት ጊዜ ስለሆነ መስኮት ዳር ቶሎ ያልቃል። በስልክ ካልሆነላችሁ ጠረጴዛው ላይ በግልጽ ጠይቁ። «እህቴ፣ መስኮት ዳር ካለ፣ በግራ በኩል፣ ከክንፉ ኋላ አድርጊልኝ» ስላት «ቆይ ልይልህ» ብላ ትፈልጋለች። «ጥሩ ቦታ ስጪኝ» ብቻ ካላችሁ ግን ለእሷ ጥሩ የመሰላትን ነው የምትሰጣችሁ። አንዳንዴ አውሮፕላኑ በመጨረሻ ሰዓት ይቀየርና ወንበሩም አብሮ ይቀየራል፤ ቦርዲንግ ፓሱን ስትቀበሉ ቁጥሩን አንብቡ።

ከተሳፈራችሁ በኋላ ባዶ ወንበር ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትዛወሩ። ትንሽ አውሮፕላን ላይ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ለክብደት ሚዛን ይቆጠራል። ሆስተሷን ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ ከተነሳ በኋላ ይፈቅዳሉ።

ጎማ ያለው ጠንካራ የእጅ ሻንጣ ኪው 400 ላይ ከራስ በላይ ያለው ዕቃ ማስቀመጫ አይችለውም፤ በሩ ላይ ተቀብለው ከታች ይጭኑታል። ስለዚህ ላፕቶፕ፣ መድኃኒትና ሰነድ በትንሽ ቦርሳ ለይታችሁ ከፊታችሁ ወንበር ሥር አድርጉ። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ከፊት ወንበር ስለሌለ ቦርሳውን የምታስገቡበት የለም።

እናቴን ድሬዳዋ እህቴ ጋ ስልካት ስለ መስኮት ያልኩትን ሁሉ እተወዋለሁ። ጉልበቷን ስለሚያማት መተላለፊያ ዳር፣ ለመሰላሉ ቅርብ የሆነውን ረድፍ እይዝላታለሁ፤ የትኛው በር እንደሚከፈት ስለሚለያይ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። የኪው 400 የፊት በር ራሱ ተከፍቶ ደረጃ ይሆናል፤ ጠባብና ቀጥ ያለ ስለሆነ ለአረጋውያን ያስቸግራል። ዊልቸር የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ትኬቱን ስትቆርጡ አስመዝግቡ፤ በዕለቱ ስትጠይቁ ያስጠብቃችኋል።

ለፎቶ አንድ ነገር ልጨምር። ስልካችሁን መስታወቱ ላይ አታስደግፉ፤ ንዝረቱ ወደ ፎቶው ይገባል። በጣት ርዝመት ርቃችሁ ያዙትና በሌላው እጃችሁ ወይም በጃኬት ከኋላ የሚመጣውን ብርሃን ጋርዱ። የፕሮፔለሩ ክንፎች ፎቶው ላይ ተጣመው ወይም ተቆራርጠው ቢታዩ አትደንግጡ። የስልክ ካሜራ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ነው፤ ፕሮፔለሩ ምንም አልሆነም።