የአይኤልትስን ድርሰት በ40 ደቂቃ ማቀድና መጻፍ

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታን የሚመዝነው የአይኤልትስ (IELTS) የጽሑፍ ፈተና 60 ደቂቃ የሚሰጠው ሲሆን፣ ሁለተኛው ክፍል ቢያንስ 250 ቃላት ያሉት ድርሰት ይጠይቃል፤ ክብደቱም የመጀመሪያው ክፍል እጥፍ ስለሆነ 40 ደቂቃውን ለእርሱ ማዋል ይገባል። ሰዓቱ መቁጠር ሲጀምር እጅ ወዲያው ወደ መጻፍ ይቸኩላል፤ እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች ለዕቅድ ብቻ እንድትሰጡ አጥብቄ እመክራለሁ።

ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ለምሳሌ «የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ለሁሉም በነጻ ሊሰጥ ይገባል፤ በዚህ ሐሳብ ምን ያህል ትስማማላችሁ?» የሚል ቢቀርብ፣ ስለ ትምህርት ጥቅም በጠቅላላው መጻፍ መልስ አይሆንም፤ «ምን ያህል» የሚለው የአቋማችሁን ልክ ይጠይቃልና። ስለዚህ በማስታወሻ ወረቀቱ ላይ «በከፊል እስማማለሁ»፣ ከሥሩ «የደሃ ልጅ ዕድል ያገኛል»፣ ቀጥሎም «ወጪው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በጀት ይሻማል» ብላችሁ አስፍሩ። እነዚህ ሁለት መስመሮች ሁለቱን የሐተታ አንቀጾች ይሸከማሉ፤ የቀረው ሥራ እያንዳንዱን በምክንያትና በተጨባጭ ምሳሌ ማብራራት ነው።

ለመግቢያው ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ። ከየቦታው በቃል የተጠና መግቢያ ግን ከጥያቄው ጋር ስለማይገጥም ነጥብ ያስቀንሳል።

መደምደሚያውን 8 ደቂቃ ሲቀር ጀምሩ። በመጨረሻዎቹ 3 ደቂቃዎች ሐሳብ አትጨምሩ፤ ይልቁንም እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ከስም በፊት ማስገባት የምንዘነጋቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት «ኤ» (a) እና «ዘ» (the) እየፈለጋችሁ አርሙ።